ቤተ መንግሥት በቀን፣ ኮንሰርት በማታ፦ ከአዳማ ለሚነሡ መንገደኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው ለሥልጠና፣ ለስብሰባ፣ ለንግድ ወይም ልጅና ወንድም ለመጠየቅ ነው። በጉዞው መካከል ግን ፕሮግራም ያልተያዘላት አንዲት ቀን አትጠፋም። ያችን ቀን ጠዋት ቤተ መንግሥት በመጎብኘት፣ ማታ ደግሞ ክላሲካል ኮንሰርት በመታደም ለማሳለፍ የሚያስቡ መንገደኞች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች ከነመልሳቸው ቀርበዋል። አብዛኛው መልስ የሚያተኩረው በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ላይ ነው፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደዚያ ይበርራል፣ በዚያ ያለው የሾንብሩን ቤተ መንግሥትና የኮንሰርት አዳራሹም በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱን ማጣመር ለምን ያስፈልጋል? አንዱን ብቻ ማየት አይበቃም?

ለየብቻ ማየትም ይቻላል። ነገር ግን ዛሬ ክላሲካል ከምንለው ሙዚቃ ብዙው የተጻፈው ቲኬት ቆርጦ ለሚገባ ታዳሚ ሳይሆን ለመኳንንት ቤት ነበር፤ የሙዚቃው ደራሲም እንደ ወጥ ቤቱና እንደ ባልደራሱ ደመወዝ የሚከፈለው የቤቱ አገልጋይ ነበር። ዮሴፍ ሃይድን በ1761 በኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት ሲቀጠር የደንብ ልብስ እንዲለብስና በየዕለቱ ደጅ ቀርቦ የጌታውን ትእዛዝ እንዲጠይቅ በውሉ ላይ ተጽፎበታል። በ1772 ልዑሉ በገጠሩ ቤተ መንግሥት ከተለመደው ጊዜ በላይ በቆየ ጊዜ፣ ሙዚቀኞቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ሳያዩ መሰንበታቸው አንገብግቧቸው ስለነበር ሃይድን አቤቱታቸውን በሙዚቃ አቀረበላቸው። በ45ኛው ሲምፎኒው (ለኦርኬስትራ በተጻፈ ረጅም ሥራው) መጨረሻ ላይ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሻማቸውን እያጠፉ ከመድረኩ ወጡ፤ ልዑሉም ነገሩ ገብቶት በማግሥቱ ጓዝ እንዲጫን አዘዘ ይባላል። ቅኔ ለለመደ ጆሮ ይህ ዓይነቱ አነጋገር እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ ቤተ መንግሥቱን ቀን የጎበኘ ሰው ማታ የሚሰማውን ሙዚቃ ከነቦታው ያውቀዋል። አዳራሹን በእግሩ የለካ ሰው ኦርኬስትራው ለምን አነስተኛ እንደሆነ፣ ዜማው ለምን እንዲያ ተመጥኖ እንደተሠራ፣ በየመካከሉ የዳንስ ምት ለምን እንደሚመላለስ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ቅደም ተከተሉም በዚሁ ምክንያት ቤተ መንግሥቱ ቀድሞ፣ ሙዚቃው ተከትሎ ቢሆን ይሻላል።

የኮንሰርቱ ቲኬት ቤተ መንግሥቱን መጎብኘትን ይጨምራል?

ተጣምሮ የተሸጠ ጥቅል ካልሆነ በቀር አይጨምርም። ብዙ ሰው ቅር የሚለው ሌላም ነገር አለ፤ በሾንብሩን የማታው ኮንሰርት የሚቀርበው በፎቶ ላይ በሚታየው፣ ጣሪያው በሥዕል ባጌጠው ታላቅ አዳራሽ ሳይሆን ከዋናው ሕንጻ በስተጎን በተሠራው ኦራንጀሪ ውስጥ ነው። ኦራንጀሪ ብርቱካንና ሎሚን የመሳሰሉ፣ የአውሮፓን ክረምት ውጭ መቋቋም የማይችሉ ዛፎች በሙቀት የሚከርሙበት ረጅም ቤት ነው። የሾንብሩኑ 189 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወርዱ ግን 10 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ቦታው ዝቅተኛ ነው ብለው ግን አያስቡ፤ በእኔ አስተያየት ለሙዚቃ ታሪክ ከታላቁ አዳራሽ ይልቅ ይህ ቤት ይቀርባል። በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1786 ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ በክረምት መካከል በዚህ ቤት ግብር አበላ። ውጪው ብርድ ሆኖ ሳለ ገበታው በአበባና በዛፎች መካከል ተዘረጋ፤ በቤቱ በሁለቱም ጫፍ መድረክ ተሠራ። በአንደኛው ጫፍ የሞዛርት የጀርመንኛ ሥራ ቀረበ፤ ከዚያ እንግዶቹ ዞረው በሌላኛው ጫፍ የሳልዬሪን የጣልያንኛ ሥራ አዩ። ለሞዛርት 50፣ ለሳልዬሪ 100 ዱካት (የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ) ተከፈላቸው። ዛሬ ከሁለቱ የማን ሙዚቃ በዚያ ቤት በየምሽቱ እንደሚሰማ ሲያስቡ የክፍያው ነገር ፈገግ ያሰኛል።

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ምን ምን ብመለከት ከማታው ሙዚቃ ጋር ይገናኝልኛል?

ሾንብሩን ኦስትሪያን ይገዙ የነበሩት የሐብስበርግ ነገሥታት የበጋ መኖሪያ ነበር። 1,441 ክፍሎች ሲኖሩት ለጎብኚ ክፍት የሆኑት 40 ያህሉ ናቸው፤ በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሁሉንም ክፍል በእኩል ትኩረት ለማየት የሚሞክር ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ስለሚደክም፣ ከሙዚቃው አንጻር አራት ቦታዎችን መርጦ ሌላውን በዝግታ ማለፍ ይበጃል።

የመጀመሪያው የመስተዋት ክፍሉ ነው። ሞዛርት በኦክቶበር 1762፣ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ፊት በሾንብሩን የተጫወተ ሲሆን ቦታው ይህ ክፍል እንደነበር ይታመናል። አባቱ በጻፈው ደብዳቤ እንደተረከው ልጁ ተጫውቶ ሲጨርስ ዘሎ እቴጌይቱ ጭን ላይ ወጥቶ አንገቷን አቅፎ ሳማት። ክፍሉ እንደሚጠበቀው ትልቅ አይደለም፤ ጠባብነቱን ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው፤ ምክንያቱም የዚያ ዘመን የጓዳ ሙዚቃ (ጥቂት ተጫዋቾች በክፍል ውስጥ የሚያቀርቡት) በስንት እርምጃ ርቀት ይሰማ እንደነበር ወዲያው ይረዱታል።

ሁለተኛው በሥነ ሥርዓት አዳራሹ የተሰቀሉት ትልልቅ ሥዕሎች ናቸው። እነዚህ ሥዕሎች በ1760 አልጋ ወራሹ ዮሴፍ የፓርማዋን ኢዛቤላ ባገባበት ጊዜ የተደረገውን ድግስ ያሳያሉ፤ ከመካከላቸውም አንደኛው ለሠርጉ የቀረበውን የሙዚቃ ምሽት የሚያሳይ ነው። ወደዚህኛው ጠጋ ብለው የታዳሚውን ፊት አንድ በአንድ ቢመለከቱ፣ ከትልልቆቹ ሰዎች መካከል አንድ ትንሽ ልጅ ያገኛሉ፤ ልጁ ሞዛርት ነው። ሠርጉ በተደረገበት ጊዜ ግን ሞዛርት የአራት ዓመት ሕፃን ሆኖ በትውልድ ከተማው በሳልስቡርግ ነበር። ሥዕሉ ተሠርቶ እስኪያልቅ ዓመታት ስለወሰደና በዚያ መካከል የልጁ ዝና ስለገነነ ሠዓሊዎቹ ባልነበረበት ድግስ ላይ አስቀመጡት። ልጁን በቀላሉ ካላገኙት በክፍሉ ውስጥ የሚቆሙትን ጠባቂዎች ይጠይቁ።

ሦስተኛው ታላቁ አዳራሽ ነው። ርዝመቱ ከ40 ሜትር በላይ፣ ወርዱ 10 ሜትር ያህል ሲሆን የድግስና የዳንስ ቦታ ነበር፤ ከ1814 እስከ 1815 የቪየና ጉባኤ በተካሄደ ጊዜ የአውሮፓ ነገሥታትና መልእክተኞች ጨፍረውበታል። የማታው ኮንሰርት ሁለተኛ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የቫልስ ዳንስ ስለሆነ በዚህ አዳራሽ ወለል ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል።

አራተኛው ከሙዚቃ ጋር አይገናኝም፤ ነገር ግን ሳላነሣው ማለፍ አልወደድሁም። በዚሁ ቤተ መንግሥት በ1830 የተወለደው ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍ በኖቬምበር 1916 ያረፈው እዚያው ነው። ያን ሁሉ ወርቅና መስተዋት አልፈው ወደ መኝታ ክፍሉ ሲደርሱ የሚያገኙት ለወታደር የሚዘረጋ ዓይነት የብረት አልጋ ነው።

በክፍሎቹ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። በአትክልት ስፍራው ግን እንደ ልብ ይፈቀዳል።

ቀኑን እንዴት ልከፋፍለው?

የቤተ መንግሥቱ ቲኬት የመግቢያ ሰዓት የተጻፈበት ስለሆነ አስቀድሞ የጠዋት ሰዓት መያዝ ይገባል፤ ከቀትር በኋላ የጎብኚ ቡድኖች ይበዛሉ፣ ሰልፉም ይረዝማል። በጆሮ ማዳመጫ እየተመሩ ክፍሎቹን መዞር አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከዚያ ወደ አትክልቱ ይውጡ፤ መግቢያው በነጻ ነው። ከኮረብታው ጫፍ የቆመው ግሎሪየት የተባለው ሕንጻ በ1775 የተሠራ ሲሆን ከተማውን በሙሉ ያሳያል። በግቢው ውስጥ በ1752 የተመሠረተውና ዛሬም ከሚሠሩት የዓለም መካነ እንስሳት ሁሉ በዕድሜ አንጋፋ የሆነው ይገኛል፤ ለብቻው የሚከፈልበትና ግማሽ ቀን የሚፈጅ ስለሆነ ግን ማታ ኮንሰርት ላለበት ሰው አልመክረውም።

ዋናው ነገር ከቀትር በኋላ ወደ ማረፊያ ተመልሶ እግርን ማሳረፍ ነው። ቤተ መንግሥቱ የሚዘጋው አመሻሹ ላይ ሲሆን ኮንሰርቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ በመካከል ያለውን ጊዜ ብዙዎች በግቢው ሲዞሩ ያሳልፉትና በመጀመሪያው የቫዮሊን ዜማ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ዩ4 የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ሾንብሩን በተባለው ጣቢያ ላይ ስለሚቆም መመላለሱ ቀላል ነው፤ ኮንሰርቱ ሲያልቅም ባቡሩ አገልግሎት ላይ ይሆናል።

ሌሊቱን በርረው ጠዋት ቪየና ከገቡ፣ ያኑ ዕለት ሁለቱንም ማድረግ አይሞከር። የሰዓት ልዩነቱ አነስተኛ ቢሆንም፣ ከአዳማ ከቀትር በኋላ ተነሥቶ፣ በፍጥነት መንገዱ ቦሌ ደርሶ፣ በወንበር ላይ ሲያንጎላጅ ያደረ ሰው ለኮንሰርት የሚሆን ጆሮ አይኖረውም።

ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓትና ቀን እንዴት ልረዳው?

ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፋል። ከቀትር በኋላ ላለ ሰዓት ሲሆን ከተጻፈው ላይ ስድስት ይቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ይቀንሱ። ለምሳሌ 20:30 ሲል በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ቀኑ የሚጻፈው ቀን ቀድሞ ወር ተከትሎ ነው፤ 05.01 ቢል ጃንዋሪ 5 ነው እንጂ ሜይ 1 አይደለም። ቪየና ከማርች የመጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ድረስ ከኢትዮጵያ አንድ ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ስለዚህ ዘመድ ከአዳማ ደውሎ «ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ» ቢልዎ በየትኛው አገር ሰዓት እንደሚነጋገሩ ለዩ።

ኮንሰርቱ ምን ዓይነት ነው? እውነተኛ ክላሲካል ነው ወይስ ለቱሪስት የተዘጋጀ?

ሁለቱንም ነው። በኦራንጀሪው የሚቀርበው ምሽት በተለምዶ በመጀመሪያው ክፍል የሞዛርትን፣ ከዕረፍት በኋላ የዮሐን ሽትራውስን ሥራዎች ይዞ፣ በመካከሉ ዘማሪዎችና የባሌ ዳንሰኞች የሚወጡበት ነው። የሚቀርቡት ቁርጥራጭ ሥራዎች ናቸው፤ አንድ ሲምፎኒ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይሰሙም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚታደም ሰው ይህ ጥሩ መግቢያ ነው፤ አይሰለችም፣ አብዛኛውንም ዜማ በስልክ መጥሪያ ወይም በማስታወቂያ ሰምቶት ስለሚያውቅ ከባዕድ አገር የመጣ አይመስለውም።

ሙዚቃ የተማረ ወይም ብዙ የሰማ ሰው ግን ከቤተ መንግሥቱ ጉብኝት በኋላ ወደ ከተማው የኮንሰርት ቤት ወደ ሙዚክፌራይን ወይም ወደ ብሔራዊው ኦፔራ ቤት ቢሄድ ይመረጣል። ሙዚክፌራይን በ1870፣ ኦፔራ ቤቱ በ1869 የተከፈቱ ሲሆን ሁለቱም በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ የመቆሚያ ቦታዎች አሏቸው። ሦስት ሰዓት መቆም ቀላል አይደለም፤ ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ የለመደ ሰው ግን አያማርርም።

በተጨማሪ የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በየዓመቱ በአውሮፓ በጋ መግቢያ ላይ በሾንብሩን አትክልት ውስጥ በነጻ የሚያቀርበው የሌሊት ኮንሰርት አለ። ከጉዞዎ ጋር ከተገጣጠመ ሌላውን ሁሉ ትተው እሱን ይታደሙ፤ ቦታ ለማግኘት ግን ሰዓታት ቀድሞ መድረስ ግድ ነው።

በመንገድ ላይ የሞዛርትን ዘመን ልብስ ለብሰው ቲኬት የሚሸጡትን ልመናቸው?

በኦፔራ ቤቱና በቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል አካባቢ ቀይ ካባና ነጭ ሰው ሠራሽ ጠጉር አድርገው የሚቆሙት ወጣቶች በኮሚሽን የሚሠሩ ሻጮች ናቸው። የሚሸጡት ቲኬት ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ቢሆንም፣ የአዳራሹን ስም አድበስብሰው በማለፍ ወይም «ይህ የመጨረሻው ቦታ ነው» እያሉ በማጣደፍ ይታወቃሉ። ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ በየትኛው አዳራሽ ነው፣ የሚጫወተው የትኛው ኦርኬስትራ ነው፣ ወንበሩ በስንተኛው ረድፍ ነው። መልሱ ካልጠራ «አመሰግናለሁ» ብሎ ማለፍ ነው።

ረድፉን መጠየቅ በተለይ ለኦራንጀሪው ይጠቅማል፤ ቤቱ ጠባብና ረጅም ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ረድፎች ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፁን እንጂ ዳንሰኞቹን በቅጡ አያይም። ቁመትዎ አጭር ከሆነ ትንሽ ጨምሮ ከፊት መቀመጥ ያዋጣል።

ምን ልልበስ? መቼስ ላጨብጭብ?

ንጹሕ የሥራ ልብስ ይበቃል፤ ክራባት ግዴታ አይደለም። ሐበሻ ቀሚስ በነጠላ ከየትኛውም የማታ ልብስ ጋር የሚመጣጠን ስለሆነ እናቶች ለዚህ ብለው ሌላ ልብስ መግዛት አይኖርባቸውም። የአዳማ ሙቀት የለመደው ሰው ከኖቬምበር እስከ ማርች የሚጓዝ ከሆነ ግን ወፍራም ካፖርትና የተዘጋ ጫማ የግድ ነው። ካፖርቱን አዳራሽ ውስጥ ይዞ መግባት ስለማይለመድ ለልብስ ተቀባዮች ሰጥቶ ቁጥር መቀበል ነው፤ ፓስፖርትና ገንዘብ በካፖርቱ ኪስ አይተዉ።

ስለ ጭብጨባው፣ አንድ ሥራ ሁለትና ሦስት ክፍል ሊኖረው ስለሚችል ሙዚቃው ዝም ባለ ቁጥር አይጨበጨብም። መሪው እጁን አውርዶ ወደ ታዳሚው ሲዞር አብሮ ማጨብጨብ ነው። ከዚህ ሕግ ውጪ የሆነው የአባትየው ዮሐን ሽትራውስ (ልጁም በዚሁ ስም የታወቀ ደራሲ ነው) ራዴትስኪ ማርሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ በምሽቱ ማብቂያ ላይ ሲመጣ ታዳሚው በምቱ እየተከተለ ያጨበጭባል፣ መሪውም በእጁ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሰው ማንም አያስተምረውም።

እራት ያለበትን ጥቅል ልግዛ? ጾም ላይ ብሆንስ?

ቤተ መንግሥት፣ እራትና ኮንሰርት አንድ ላይ የሚሸጥበት ጥቅል አለ። ምቾቱ አንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገሉ ነው፤ ጉድለቱ ሦስቱም ከቀትር በኋላ ተደራርበው መምጣታቸውና ዕረፍት ማሳጣታቸው ነው። እኔ የምመርጠው ለየብቻ መግዛትን ነው።

የኦርቶዶክስ ምእመናን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የቪየና የሙዚቃ ሰሞን የሚደምቅበት የአውሮፓውያን ገናና አዲስ ዓመት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት በሚቆየው በጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃል። በጾም ወራት ኮንሰርት መግባት ለሚከብደው ሰው ከልደት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉት ሳምንታት የተሻሉ ናቸው፤ የጎብኚ ብዛትም ይቀንሳል። እራቱን በተመለከተ ሲያዝዙ «ቪጋን» ማለት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ነጻ የሆነ የጾም ምግብ ያስገኛል፤ «ቬጀቴሪያን» ካሉ ግን አይብና ቅቤ ያለበት ይመጣል። ሙስሊም መንገደኞች የሥጋውንና የወጡን ነገር አስቀድመው ማጣራት አለባቸው፤ በዚያ አገር ምግብ ቤት የአሳማ ሥጋና ወይን የገባበት ወጥ የተለመደ ነው።

በቪየና ትራንዚት ብቻ ነው ያለኝ። ወጥቼ ቤተ መንግሥቱን ማየት እችላለሁ?

የሸንገን ቪዛ ከሌለዎት አይችሉም። እንዲያውም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ ለማለፍም ጭምር የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ዜጎች መካከል ነው። የሚሠራ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ የትራንዚት ቪዛ ነጻ ይሆናል፤ ነጻነቱ ግን ከተማ መግባትን አይጨምርም። ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ወላጆች በዚህ ስለሚሳሳቱ ልጆቻቸው ለትራንዚቱ ቀን ቲኬት እንዳይገዙላቸው ቢነግሯቸው ጥሩ ነው።

ለጉብኝት የሚሆነው የአጭር ጊዜ ሸንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ለመቆየት ያስችላል። ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ከስድስት ወር ያልበለጠ፣ ከ15 ቀን ያላነሰ ጊዜ ሲቀር ይገባል፤ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ የአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ሲሆን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል። የኮንሰርት ቲኬት መግዛት ቪዛ አያሰጥም፤ ስለዚህ ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሳይለጠፍ የማይመለስ ቲኬት አይግዙ።

ከአዳማ ሆኜ ቲኬቱን በምን ልክፈል?

ተራው የባንክ ኤቲኤም ካርድ ለውጭ ድረ ገጽ ክፍያ በአብዛኛው አያገለግልም። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይዞ ባንክ በመሄድ ለጉዞ የሚሰጠውን የውጭ ምንዛሪ በዓለም አቀፍ ካርድ ላይ ማስሞላት ነው። ሁለተኛው፣ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው፣ ውጭ ያለ ዘመድ ገዝቶ ቲኬቱን በቴሌግራም እንዲልክ ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ዘመድዎ ከቤተ መንግሥቱ ከራሱ ድረ ገጽ መግዛቱን ያረጋግጡ፤ የመልሶ ሻጮች ገጽ ቀድሞ ስለሚመጣ ሰው ሳያስተውል ትርፍ ይከፍላል። የተላከውን ቲኬት በስልክዎ ላይ ፎቶ አድርገው ያስቀምጡት፤ በር ላይ ኢንተርኔት ሲፈልጉ መቆም አያስደስትም።

ልጆች ይዤ ብሄድስ?

ቤተ መንግሥቱ ለልጆች የተዘጋጀ የራሱ ሙዚየም ስላለው ቀኑ አያስቸግርም። ኮንሰርቱ ግን ከዕረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅና አምሽቶ ስለሚያልቅ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ይዞ መግባት ለልጁም ለጎረቤቱም ፈተና ነው።

ክላሲካል ሰምቼ አላውቅም። ይገባኛል?

ከመሄድዎ በፊት የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች ቢሰሙ መንገዱ ያጥርልዎታል። በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን የተማሩት፣ በኋላም በካይሮ ትምህርታቸውን የቀጠሉት እማሆይ የአውሮፓውን የፒያኖ አጨዋወት ከአገራቸው ዜማ ጋር ያዋሐዱ ናቸው፤ በ2023 በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል። የእሳቸውን ሥራ የሰማ ጆሮ የሞዛርት ፒያኖ ሲመጣ ቢያንስ ግማሹን መንገድ ያውቀዋል።

ከቪየና ሌላ የት የት ይቻላል?

ጊዜ ለሌለው ሰው ከሁሉ የሚመቸው የፕራጉ ሎብኮቪትስ ቤተ መንግሥት ነው። ሙዚየሙና የኮንሰርት አዳራሹ አንድ ሕንጻ ውስጥ ስለሆኑ፣ ኮንሰርቱም ቀትር ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል የሚቀርብ ስለሆነ ሁለቱ በግማሽ ቀን ያልቃሉ። ቤትሆቨን ሦስተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ሲምፎኒዎቹን መታሰቢያ ያደረገላቸው የዚህ ቤት ልዑል ሲሆኑ (የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ከሌላ መስፍን ጋር በጋራ)፣ ቤትሆቨን በእጁ ያረማቸው የሙዚቃ ወረቀቶች በሙዚየሙ ይታያሉ።

በሳልስቡርግ የሚራቤል ቤተ መንግሥት የእብነ በረድ አዳራሽ ለኮንሰርት ውብ ነው፤ ሕንጻው ግን የከተማው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት እንጂ ሙዚየም አይደለም። ስለዚህ የቀኑን ጉብኝት በቀድሞው የሊቀ ጳጳሳት ቤተ መንግሥት ማድረግ ይኖርብዎታል። ከቪየና ብዙ በማይርቀው በአይዘንሽታት ደግሞ ሃይድን ራሱ የሠራበት አዳራሽ በስሙ ተሰይሞ ዛሬም ኮንሰርት ይቀርብበታል።

ወደ ፓሪስ የሚሄዱ ከሆነ ቬርሳይ ሰኞ ዝግ መሆኑን ያስታውሱ። በ1710 በተጠናቀቀው ቤተ ጸሎትና በ1770 በተመረቀው የቤተ መንግሥቱ ኦፔራ ቤት የሚቀርቡት ኮንሰርቶች ምርጥ ናቸው። በአትክልቱ የሚደረገው የፏፏቴና የሙዚቃ ትርዒት ግን በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ የተቀዳ ሙዚቃ ነው፤ ኮንሰርት መስሎት የሚገዛ ሰው አይጠፋም።

ከአገር ሳልወጣ ተመሳሳይ ቀን ማሳለፍ እችላለሁ?

ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይገለበጣል። አዲስ አበባ እንደ ቪየና በየምሽቱ ኮንሰርት ስለሌለ መጀመሪያ የኮንሰርቱን ቀን ማወቅ፣ ከዚያ ጉብኝቱን በዚያ ቀን ላይ ማስተካከል ያስፈልጋል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በጎተ ኢንስቲትዩት፣ በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና በጣሊያን የባህል ተቋም የሚቀርቡት የክላሲካል ምሽቶች በቴሌግራምና በፌስቡክ ገጾቻቸው ይነገራሉ።

ለቀኑ ጉብኝት የምመርጠው ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1960ው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም በውስጡ ነው። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ የግል ክፍሎች እንደነበሩ የተቀመጡ ሲሆን፣ በዚያው ሕንጻ በገና፣ ክራር፣ መሰንቆና ሌሎች የአገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ይታያሉ። ሾንብሩንን ያየ ሰው የሁለቱን ነገሥታት መኝታ ክፍሎች ማነጻጸሩ አይቀርም። የቤተ መንግሥትና የኦርኬስትራ ግንኙነት በእኛም አገር ታሪክ አለው፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም በ1930ው ዘውድ መጫን የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ደረሰ። አንድ ቀን የሚተርፍዎት ከሆነ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በ2019 የተከፈተውን የአንድነት ፓርክ ይጨምሩ።

ከአዳማ ማልዶ የተነሣ ሰው በፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ከረፋዱ በፊት ስድስት ኪሎ ይደርሳል። የሚያስቸግረው መመለሱ ነው፤ ኮንሰርቱ ሲያልቅ ከቃሊቲ ወደ አዳማ የሚነሣ ሚኒባስ ማግኘት አስተማማኝ ስላልሆነ ወይ ዘመድ ቤት ማደር፣ ወይም አራት አምስት ሆኖ መኪና ኮንትራት ይዞ ከነመመለሻው ቀድሞ መነጋገር ይበጃል።